ሻጭም አበዳሪም አንድ ሰው ሲሆን

ንግድ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ሰዎች ፈቃድ የቆመ ነው። ሻጭ ዕቃውን አወድሶ ያቀርባል፤ ገዢም መርምሮና ተከራክሮ ይወስዳል፤ ገንዘቡ ከተቈጠረ በኋላ ሁለቱም በየመንገዳቸው ይሄዳሉ። ብድር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አበዳሪ ገንዘቡ እንዲመለስለት ስለሚሻ፣ ተበዳሪው በገንዘቡ ምን እንደሚገዛበት ይጠይቃል፤ የሚገዛው ዕቃ ዋጋም ተገቢ መሆኑን ያጣራል። ስለዚህ ሻጭና አበዳሪ የተለያዩ ሰዎች በሆኑ ጊዜ፣ አበዳሪው ለራሱ ጥቅም ሲል ለገዢው ዘበኛ ሆኖ ይቆምለታል፤ ስድስት ሺሕ ዶላር ለሚያወጣ መኪና ዘጠኝ ሺሕ ዶላር አላበድርም ይላልና። ሻጭና አበዳሪ አንድ ሰው በሆኑ ጊዜ ግን ይህ ዘበኛ ከበሩ ይነሣል። ገዢው ብቻውን ይቀራል።

በአሜሪካ ያገለገሉ መኪናዎችን በራሳቸው ዱቤ የሚሸጡ ነጋዴዎች ንግዳቸውን የመሠረቱት በዚሁ ባዶ በር ላይ ነው። የንግዱ ስም በአማርኛ ሲተረጐም «እዚሁ ግዛ፣ እዚሁ ክፈል» ማለት ነው። ከከተማ ወጣ ባሉ ሰፋፊ መንገዶች ዳር መኪናዎቹ ታጥበውና ተወልውለው ተደርድረዋል፤ በላያቸውም «የብድር ታሪክ ባይኖርህም ግድ የለም»፣ «ሥራህ ዋስህ ነው» የሚሉ ጽሑፎች ተለጥፈዋል። ገዢው ከባንክ ደጅ ሳይደርስ፣ የደመወዝ ወረቀቱንና መታወቂያውን አሳይቶ፣ ጥቂት ቅድሚያ ክፍያ ሰጥቶ፣ መኪናውን በዚያው ቀን ይዞ ይወጣል። ቀሪውንም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ ደመወዙን በተቀበለ ቍጥር ለዚያው ሻጭ ይከፍላል።

ይህ አሠራር ሰው የሚያገኘው ከምን የተነሣ እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የአንድ ሰው ታማኝነት የሚለካው በብድር ታሪኩ ነው። ተበድሮ በጊዜው የከፈለ ሰው ቍጥሩ ከፍ ይላል፤ ያጓደለ ዝቅ ይላል፤ ከቶ ተበድሮ የማያውቅ ደግሞ ከቍጥር ውጭ ነው። በአገሩ የተከበረ፣ የሰው ገንዘብ በልቶ የማያውቅ ሰው፣ አሜሪካ በገባ ማግሥት በባንክ ፊት ማንነቱ እንዳልታወቀ ሆኖ ይቈጠራል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በሚኒሶታ፣ በዳላስ፣ በሲያትልና በሎስ አንጀለስ የሰፈሩ ወገኖች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ከፊሎቹ በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ፣ ከፊሎቹም ዲቪ የሚባለው ዕጣ ያስገባቸው ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው)። ከእነርሱም ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያገኙት ሥራ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በሆስፒታል፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በዕቃ ማከማቻ የሚሠራ የሌሊት ሥራ ነው። አውቶቡስ በማይሄድበት ሰዓትና ሰፈር መኪና ጌጥ አይደለም፤ እግር ነው። መኪና የሌለው ሥራ አያገኝም፤ ሥራ የሌለውም መኪና አይገዛም። ነጋዴው የሚጠብቀው በዚህ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ነው።

የነገሩ ምሥጢር በሒሳብ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል፣ ነጋዴው ከሐራጅ በ4,000 ዶላር የገዛውን መኪና፣ ገበያው 6,000 የሚያወጣለት ሆኖ ሳለ፣ በ9,000 ዶላር ሸጠ ይባል። ገዢው 1,500 ዶላር አስቀድሞ ከፈለ፤ በቀረው 7,500 ዶላር ላይ በዓመት ከመቶ 24 ወለድ ታሰበበት፤ የመክፈያው ጊዜም 36 ወር ሆነ። ይህን ያህል ወለድ በእንዲህ ያለው ንግድ እንግዳ ነገር አይደለም። ክፍያው በወር 294 ዶላር ያህል ይሆናል። ነጋዴው ግን ይህን በወር አይናገረውም፤ «በሳምንት 68 ዶላር ብቻ» ይላል። ስድሳ ስምንት ዶላር ለሌሊት ሠራተኛ የማይቻል አይደለም፤ ጆሮም አያስደነግጥም። በሦስት ዓመት ውስጥ የሚከፈለው ግን 10,593 ዶላር ያህል ነው፤ ቅድሚያ ክፍያው ሲጨመርበት 12,093 ይሆናል። ያው መኪና በገበያው ዋጋ በ6,000 ተገዝቶ፣ ያው ቅድሚያ ተከፍሎ፣ ቀሪው ከመቶ 12 በሚያበድር ማኅበር በኩል ቢከፈል፣ ጠቅላላው 6,881 ዶላር ያህል ብቻ በሆነ ነበር። በመካከሉ ያለው 5,212 ዶላር የብረቱ ዋጋ አይደለም፤ የመቸኰልና የአለማወቅ ዋጋ ነው።

ከዚህም የከፋው የሚታየው ገዢው በመንገድ ላይ የተሰናከለ እንደ ሆነ ነው። ዘጠኝ ወር ያለ ማቋረጥ ከፍሎ፣ በአሥረኛው ወር ካምቢዮው ተበላሸበት ወይም ሥራው ቀረበት እንበል። እስከዚያ ቀን ቅድሚያውን ጨምሮ 4,148 ዶላር ከፍሏል። ነጋዴው መኪናውን የገዛበት 4,000 ዶላር ተመልሶለታል፤ አሁን ደግሞ መኪናውን ራሱን ይወስዳል። ገዢው ግን ዕዳው ገና 6,093 ዶላር ያህል ነው፤ በዘጠኝ ወር ከከፈለው 2,648 ዶላር ውስጥ ከዋናው ገንዘብ የተቀነሰለት 1,407 ብቻ ነውና። መኪናው በሐራጅ ተሸጦ የተገኘው ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ፣ ጕድለቱን ከመውሰጃውና ከመሸጫው ወጪ ጋራ ከባለ ዕዳው መጠየቅ በብዙዎቹ ክፍላተ አገር የተፈቀደ ነው። እንግዲህ ሰውየው መኪና ሳይኖረው የመኪና ዕዳ ይኖረዋል። መኪናው ግን ታጥቦና ተወልውሎ፣ ለሌላ ገዢ ሌላ ቅድሚያ ክፍያ ሊያስከፍል ወደ ሰልፉ ይመለሳል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ለተራ ሻጭ መጥፎ መኪና ስሙን ያበላሽበታል፤ ለተራ አበዳሪ የማይከፍል ተበዳሪ ኪሣራ ነው። ሁለቱን ሥራ አጣምሮ ለያዘ ሰው ግን፣ በቂ ቅድሚያ ከተቀበለ፣ የመኪናው መበላሸትም ሆነ የገዢው መውደቅ የግድ ጕዳት አይሆንበትም። በአንድ ውል ውስጥ የአንደኛው ወገን መውደቅ ለሌላው ወገን የማያሳስብ ከሆነ፣ ሚዛኑ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ አልተመለከተም። በ1968 የወጣው፣ አበዳሪ እውነቱን እንዲገልጽ የሚያስገድደው ሕግ፣ የዓመቱ ወለድ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ፣ የብድሩ ወጪ በዶላር ስንት እንደሚደርስ፣ የሚከፈለው ሁሉ ሲደመር ምን ያህል እንደሚሆን፣ በዱቤ ሽያጭም ቅድሚያ ክፍያው ተጨምሮበት ጠቅላላ ዋጋው ምን እንደ ሆነ ተጽፎ እንዲሰጥ ያዝዛል። ነገር ግን ሕጉ የሚለካው ወለድን ነው። ሻጩና አበዳሪው አንድ ሲሆኑ ወለዱን ዝቅ አድርጎ ዋጋውን ከፍ ማድረግ፣ ማለትም ወለዱን በዋጋው ሆድ ውስጥ መደበቅ ይቻላል። የአርካንሳስ ሕገ መንግሥት ለእንዲህ ያለው ብድር የሚታሰበው ወለድ በዓመት ከመቶ 17 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህ መልካም ነው። የመኪናው ዋጋ ግን በሻጩ አፍ ላይ ያለ ነገር ስለ ሆነ፣ በወለድ በኩል የተዘጋው በር በዋጋ በኩል ሊከፈት ይችላል።

ከ1985 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ደግሞ በእያንዳንዱ ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ የገዢ መምሪያ የሚባል ወረቀት እንዲለጠፍ ያዝዛል። በወረቀቱ ላይ ከሚገኙት ቃላት ሁለቱ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት «አዝ ኢዝ» ናቸው። ቃል በቃል «እንዳለ» ማለት ነው። በአማርኛ «እንዳለ ነው» የተባለ ዕቃ ያልተነካ፣ ያልጐደለ፣ ደኅና ዕቃ ይመስላል። በወረቀቱ ላይ ግን ትርጕሙ ተቃራኒ ነው፤ ሻጩ ስለ መኪናው ምንም ዋስትና አይሰጥም፤ ከግቢው በወጣ በማግሥቱ ሞተሩ ቢቃጠል ማስጠገኛው በገዢው ላይ ነው ማለት ነው። እንደ ማሳቹሴትስ ያሉ ክፍላተ አገር ነጋዴ መኪናን በዚህ ዓይነት እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ በሌሎች ብዙ ስፍራዎች ግን ይፈቀዳል። በአንዲት ቃል አለመረዳት የአንድ ዓመት ድካም ሊጠፋ ይችላል።

የቋንቋው ጕዳይ በዚህ አያበቃም። ሽያጩ በስፓኝ ቋንቋ የተደረገ እንደ ሆነ የገዢው መምሪያ በዚያው ቋንቋ መሆን እንዳለበት የፌዴራሉ ደንብ ያዝዛል። የካሊፎርኒያ ሕግም በስፓኝ፣ በቻይና፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምና በኮሪያ ቋንቋ የተደራደረ ነጋዴ የውሉን ትርጕም በዚያው ቋንቋ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አማርኛና ትግርኛ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ የመኪና ነጋዴውን ግን አይመለከተውም። ስለዚህ በየጊዜው የሚታየው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአባቱና ከሻጩ መካከል ተቀምጦ በቤት ውስጥ ሰምቶት የማያውቀውን የውል ቃል ሲያስተረጕም ነው። ልጁ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ውል ግን አያውቅም። አባት ውል ያውቃል፤ እንግሊዝኛ አያውቅም። ፊርማው ግን የአባት ነው።

ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ውሉ በመኪናው ውስጥ ይኖራል። ብዙዎቹ ነጋዴዎች መኪናው ያለበትን ቦታ የሚያሳውቅና፣ ክፍያ በዘገየ ጊዜ ሞተሩ እንዳይነሣ ከሩቅ የሚያግድ መሣሪያ ይገጥማሉ። በክረምት ሌሊት ከሥራ የወጣች እናት፣ ክፍያዋ ስለ ዘገየ ብቻ መኪናዋ አልነሣም ሲላት የሚሰማትን መናገር አያስፈልግም። በብዙዎቹ ክፍላተ አገርም አበዳሪው ሰላም እስካላደፈረሰ ድረስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠይቅ መኪናውን ከቆመበት ሊወስድ ይችላል። «በሦስት ቀን ውስጥ ብመልሰው ገንዘቤ ይመለሳል» ብለው የሚያምኑም አሉ። በነጋዴው ግቢ ለተገዛ መኪና እንዲህ ያለ መብት የሚሰጥ የፌዴራል ደንብ የለም።

በመንግሥት መዝገብ ላይ የሠፈሩት ጕዳዮች ይህ ስጋት የፈጠራ አለመሆኑን ያስረዳሉ። የሸማቾችን የገንዘብ ጉዳይ እንዲጠብቅ የተቋቋመው የፌዴራል ቢሮ በ2014 ድራይቭታይም በተባለው፣ በዚህ ንግድ ከታላላቆቹ በሚቈጠረው ኩባንያ ላይ፣ ባለ ዕዳዎችን በስልክ በማዋከቡና ስለ እነርሱ የተሳሳተ የብድር ታሪክ በማስተላለፉ የ8 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ጥሏል። በ2016ም በኮሎራዶ ያለ አንድ ነጋዴ ወለዱን ከመቶ 9.99 ብሎ ሲያስታውቅ፣ ገዢው በግድ የሚገዛውን የጥገና ዋስትናና መሣሪያ ሳይቈጥር በመቅረቱ፣ 700,000 ዶላር ለገዢዎቹ እንዲመልስ ታዝዟል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2012 ባወጣቻቸው ሕጎች፣ እንዲህ ያሉ ነጋዴዎች የመኪናውን ተገቢ የገበያ ዋጋ በመኪናው ላይ እንዲለጥፉ፣ የ30 ቀን ወይም የ1,000 ማይል ዋስትና እንዲሰጡ፣ ስለሚገጥሙትም መሣሪያ ለገዢው እንዲያሳውቁ አዝዛለች። የገበያውን ዋጋ ማስለጠፍ ከሁሉም የበለጠ ጥበብ ያለበት ሐሳብ ነው፤ ወለዱ የሚደበቅበትን ጓዳ ያበራልና።

ነጋዴዎቹም የሚሉት አላቸው፤ ሳይሰማ ሊታለፍ አይገባም። «ባንክ ያባረረውን ሰው የምንቀበል እኛ ነን፤ ከገዢዎቻችን ብዙዎቹ ክፍያ ያቋርጣሉ፤ ኪሣራውን ከማን እናምጣ?» ይላሉ። ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። አደጋ የበዛበት ብድር ወለዱ ከፍ ቢል አግባብ ነው፤ በመካከላቸውም ቃላቸውን የሚጠብቁ፣ የተበላሸውን መኪና ጠግነው የሚመልሱ ነጋዴዎች መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን አንድ አደጋ አንድ ጊዜ ብቻ ሊከፈልበት ይገባል። በዋጋው አንድ ጊዜ፣ በቅድሚያ ክፍያው ሁለተኛ ጊዜ፣ በወለዱ ሦስተኛ ጊዜ፣ በመሣሪያውም አራተኛ ጊዜ ከተጠበቀ፣ ይህ አደጋን መከላከል መሆኑ ቀርቶ ከችግረኛው ችግር ግብር መሰብሰብ ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ ከእነዚህ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የገዢውን መልካም አከፋፈል ለብድር መዝጋቢዎች አያስተላልፉም። ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያጓድል ከፍሎ ሲጨርስ፣ በባንክ ፊት እንደ መጀመሪያው ቀን የማይታወቅ ሆኖ ይቀራል። የገባበት ጠባብ መተላለፊያ መውጫ የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሕግ አውጪዎች ፈንታ ነው። ሻጭ ራሱ አበዳሪ በሆነበት ሽያጭ፣ ዕዳ ከመኪናው ዕድሜ በላይ መኖር የለበትም። መኪናው ከነጋዴው ግቢ ወጥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያለ ገዢው ጥፋት ቢሞት፣ ወይም ነጋዴው መልሶ ቢወስደው፣ ዕዳውም አብሮ ሊሞት ይገባል። ሻጩ መልካም መኪና የሚሸጠው መልካም መኪና መሸጥ የሚጠቅመው ሲሆን ነውና። በኢትዮጵያ በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች በብድር ላይ በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ የወሰነው፣ ችግር ላይ የወደቀ ሰው የቀረበለትን ሁሉ እንደሚፈርም በማወቅ ነበር። ፈቃድ ከችግር በተወለደ ጊዜ ሕግ ከጎኑ መቆም አለበት።

ሁለተኛው የወገን ፈንታ ነው፤ ይህም የምክር ቤት ድምፅ እስኪሰጥ አይጠብቅም። ዕቍብ ከአገር ቤት ተሻግሮ በአሜሪካ ከተሞች እንደ ሠረጸ የታወቀ ነው። ዕቍብ ወለድ የለውም፤ የሚጠይቀው የሰውን እምነት ነው፤ ባንክ የማያውቀውን ሰው ዕቍብተኞቹ ያውቁታል። ዕጣውን ለአዲስ መጤ አስቀድሞ መስጠት ለመኪና የሚበቃ ገንዘብ በእጁ ሊያኖርለት ይችላል። በእጅ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ደግሞ በየትም ቦታ ሄዶ፣ ከማንም ሻጭ ጋር በነጻነት ይከራከራል። የቍጠባና ብድር ማኅበራትም አሉ፤ በፌዴራል ሕግ የቆሙት ከ1987 ጀምሮ ሲታደስ በቈየ ውሳኔ መሠረት በዓመት ከመቶ 18 በላይ ወለድ ማስከፈል አይችሉም። አባል ሆኖ ጥቂት ወራት መቈጠብ በሩን ሊከፍት ይችላል። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየመረዳጃ ማኅበሩ ውል ማንበብ የሚችሉ የተማሩ ሰዎች አይጠፉም። ከእነርሱ አንዱ ለአንድ ሰዓት ከአዲስ መጤው ጋር ወደ ነጋዴው ግቢ ቢሄድ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልጅ ከማይገባው ሸክም ያሳርፈዋል።

የግድ ወደዚያ ግቢ መሄድ ያለበት ሰውም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። በመጀመሪያ የሳምንቱን ክፍያ አይጠይቅ፤ ነጋዴው መነገር የሚሻው እርሱን ነውና። የመኪናውን ዋጋ ለብቻው፣ ጠቅላላውን ክፍያ ለብቻው ይጠይቅ፤ ሁለቱንም በጽሑፍ ይቀበል። ዋጋውን ከሌላ ሻጭ ዋጋ ጋር ያመዛዝን። መኪናውን ከግቢው አውጥቶ በራሱ ገንዘብ በሌላ ጋራዥ ያስመርምር፤ ይህን የሚከለክል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። የሻንሲውን ቍጥር ይዞ ቀድሞ በጎርፍ ወይም በግጭት ተጐድቶ እንደ ሆነ ይመርምር። በአፍ የተገባለትን ዋስትና በወረቀት ላይ ያጽፍ። መሣሪያ ተገጥሞበት እንደ ሆነ፣ አከፋፈሉም ለብድር መዝጋቢዎች ይተላለፍለት እንደ ሆነ ይጠይቅ። የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጥ። ይህን ሁሉ ጠይቆ መልስ ካላገኘ፣ አንድ ወር በሰው መኪና ተለምኖ መሄድ ሦስት ዓመት ለሰው ከመገበር ይሻላል። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በዚያ ግቢ የሚፈሰው የሌሊት ላብ ስለ ሆነ ለመልቀም አይመችም።

መኪና መግዛት ነውር አይደለም፤ በዱቤ መግዛትም ነውር አይደለም። ሰው በባዕድ አገር በእጁ ጥሮ እንዲያድር እግር ያስፈልገዋል። ነገር ግን የሚሸጥለት መኪና ይሁን እንጂ፣ በመኪና ስም የተጠቀለለ ዕዳ አይሁን። ልዩነቱን የሚያሳየውም በመስኮቱ ላይ የተለጠፈው የሳምንት ሒሳብ ሳይሆን፣ በውሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሠፈረው ድምር ነው።